ሁለት ጊዜ አንቀጽ 26

ጭሮ አውራ ጎዳና ዳር አንድ የጫት ነጋዴ ሞባይሉን በመዳፉ ከልሎ ዋጋ ሲደራደር አየሁ። የሚሸሸገው አጠገቡ ከቆመው ተፎካካሪው ነው። ከመስመሩ ወዲያ ጆሮውን የጣለ ካለ ግን መዳፍ አይከልለውም።

ይህችን ከተማ አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሯት፣ ሩሲያ የተማሩትና የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው፤ አብነታቸውም የጃፓኑ ነበር። አንቀጽ 26 በሕግ ከተወሰነው በቀር የኢትዮጵያውያንን የደብዳቤ ምስጢር ማንም እንዳይደፍር ይከለክላል። ሁሉ በንጉሡ እጅ በነበረበት ዘመን ይህ መጻፉ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን "በሕግ ከተወሰነው በቀር" የምትለዋ ሐረግ በር ትታለች። ሕግ አውጪውና አድማጩ አንድ ከሆኑስ?

መጥለፍ ሁሉ በደል ነው አልልም። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከድሬዳዋ በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ ሲገሰግስ፣ አዛዦቹ የጣሊያንን የምስጢር መልእክት ፈትተው ያነቡ ነበር። ያ ለነፃነታችን በጅቷል። ወራሪን ማድመጥ ግን ሌላ፣ ዜጋን ማድመጥ ሌላ።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ስልክን በስሙ ጠርቶ ምስጢሩን አስከበረ። ቁጥሩ፣ ግጥምጥሞሽ ሆኖ፣ ያው አንቀጽ 26 ነው! የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ በፍርድ ቤት ፈቃድ መጥለፍን ፈቀደ። በ2006 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ መሠረት የጸጥታ ሰዎች ያለ ፈቃድ የስልክ ቅጂ ያገኙ፣ እስረኛንም በዚያው ይመረምሩ ነበር፤ በተለይ ውጭ አገር የተደወለ ስልክ ያስጠረጥር ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ሰንዓ ላይ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተላልፈው ተሰጡ፤ የመንግሥታት ትብብር ስደተኛን እስከምን እንደሚከተል ታየ።

በ2007 ዓ.ም. የሚላኑ ሃኪንግ ቲም ሰነዶች አፈትልከው ሲወጡ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር ተጋለጠ። ጣሊያን በ1928 በመድፍ መጣ፤ በዚህኛው ዙር ዋጋ ከፍለን የጠራነው እኛው ነን።

አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ 1176 ተተካ፤ አዲሱም በፍርድ ቤት ፈቃድ መጥለፍን ይፈቅዳል። አንቀጽ 26ን ሁለት ጊዜ ጽፈነዋል። ሦስተኛ መጻፍ አያሻንም፤ የሚያሻን ፈቃድ ሲጠየቅ "አይሆንም" ማለት የሚችል ዳኛ፣ ዳኛውንም የሚሰማ መርማሪ ነው።