ለወጣቶች ስለሚሰጥ ልብ ወለድ፤ ከደብረ ታቦር የተነሣ አሳብ

የልብ ወለድ መጽሐፍ ወጣቶችን ከትምህርታቸው ያዘናጋል የሚሉ ወላጆች ዛሬም በየአገሩ አሉ። እኛ ከእነርሱ ጋራ አንስማማም፤ ይሁን እንጂ ለወጣት የሚሰጠው መጽሐፍ ምን ዓይነት ሊሆን ይገባዋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ መሆኑን እናምናለን። ጥያቄው የደረሰብን በትውልድ አገራችን በደብረ ታቦር ስለ ሆነ ነገሩን ከዚያው እንጀምራለን።

የእኅታችን ልጅ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ አንድ ልብ ወለድ አንብቦ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አያቱ፥ ማለት እናታችን፥ ከምድጃው ዳር ሆነው ሲያዳምጡት ቈይተው፥ «የአያቶቻችንን ቤት ያቃጠሉት እርሳቸው አይደሉም እንዴ?» አሉት። ልጁም ወደ እኛ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ የዋሸው መጽሐፉ ነው ወይስ አያቴ?» ብሎ ጠየቀን።

አያቱ አልዋሹም። ራስ ጉግሣ የቈረቈሯት፥ የራስ ዓሊም መቀመጫ የነበረችው ደብረ ታቦር፥ ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ በራሳቸው ትእዛዝ ተቃጥላለች። መጽሐፉም አልዋሸም። ከከተማይቱ አጠገብ በጋፋት፥ እንደ ዋልድማየር ያሉ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ከአገሩ ባለ እጆች ጋራ መድፍ እንዲሠሩ ያደረጉ እርሳቸው ናቸው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ ነው። ይህንንም መድፍ በጋይንትና በጨጨሆ፥ በዋድላና በደላንታ፥ ገደል እየናዱና መንገድ እየጠረጉ ስድስት ወር ያህል የጐተቱት ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ መድፉ እዚያው ቀረ፤ አሁንም እዚያው አለ።

ልብ ወለድ የሚለው ስያሜ የገባው አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ደራሲው የዘጌ ተወላጅ፥ የጣና ልጅ ናቸው። ባለ ታሪኮቹ ወጣቶች ናቸው፤ ዋሕድ በባርነት ሲያዝ መንታ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ልትፈልገው ትወጣለች። ነገር ግን አገሩ የት፥ ዘመኑ መቼ እንደ ሆነ አይነገርም፤ ስለዚህ የማንም አያት ከዚያ መጽሐፍ ጋራ አትጣላም። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፥ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. በ«አንድ ለናቱ» እውነተኛውን ንጉሥ ወደ ልብ ወለድ ካመጡ ወዲህ ግን፥ አንባቢው ስሙን የሚያውቀው አገርና የሚያውቀው ቍስል አብሮ መጣ። ውለታቸው ትልቅ ነው። ያም ሆኖ ወጣቱ ዘመኑን ሁሉ ከንጉሡ ፈረስ ላይ ሆኖ እንዳያይ እንሠጋለን።

እኛ የምንመኘው፥ ባለ ታሪኩ ወናፍ የሚነፋ የጋፋት ልጅ የሆነበት መጽሐፍ ነው። ልጁ ቀልጦ የሚፈሰውን እያየ ይደነቅ፤ ገመዱንም ይጐትት፤ ዞር ሲል ደግሞ የእናቱ ቤት ሲነድ ይመልከት። አንድ መምህር ወዳጃችን ይህን ስንነግረው፥ «መራራውን ለልጅ መንገር ጀግናን ማርከስ ነው» አለን። የሚያሠቅቅ የቅጣት ነገር ለሕፃን እንዳይሰጥ እኛም እንስማማለን። መራራውን ግን ልጁ ቀድሞ ከምድጃው ዳር ሰምቶታል፤ መጽሐፉ ዝም ቢል አንዱን ወገን ውሸታም ያደርግበታል።

ለልጁም ሁለቱም እውነት ነው ብለን በማግሥቱ ጋፋት ድረስ ይዘነው ሄድን። ብዙም አልተናገረም። ሲመለስ ደብተርና እርሳስ አንሥቶ፥ የተቃጠለው ቤት ክዳኑ ምን እንደ ነበረ ሊጠይቅ ወደ አያቱ ሄደ።