ለልጃገረዶች የመጀመሪያ የወር አበባ እናት አስቀድማ የምታደርገው ዝግጅት

የመጀመሪያው የወር አበባ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ ቆይቶ የሚታይ በመሆኑ፣ እናት ይህን ምልክት እንዳየች ልጇን ማነጋገር ይኖርባታል። በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኙ መንደሮች ለሚኖሩ እናቶች ጉዳዩ ይበልጥ አጣዳፊ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክማ የምትሸጥ እናት ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ስለምትወጣ፣ ልጅቱ ደሙን በምታይበት ሰዓት ብቻዋን ልትሆን ትችላለች።

ንግግሩ መርዘም የለበትም። እናት ሹሩባ እየሠራቻት፣ «ልጄ፣ አንድ ቀን በውስጥ ልብስሽ ላይ ደም ብታዪ አትደንግጪ። በሽታ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ። የሚያስፈልግሽን እዚህ አስቀምጬልሻለሁ» ብትላት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

በአንዳንድ ቤተሰቦች የወር አበባ መታየት ከወንድ ጋር የመገናኘት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። ጥርጣሬውን የምትፈራ ልጅ ደሙን ትደብቃለች፤ ሕመም ቢኖራትም አትናገርም። ስለዚህ አባትና አያትም እውነቱን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። የወር አበባ ማየት ለጋብቻ መድረስም አይደለም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል።

ልጅቱ በምታውቀው ቦታ ሞዴስ፣ ንጹሕ የውስጥ ልብስና ሳሙና ይቀመጥላታል፤ በትምህርት ቤት ቦርሳዋም አንድ ሞዴስ ይኑር። ሞዴስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየራል፤ ያገለገለው በወረቀት ተጠቅልሎ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል እንጂ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ለመታጠቢያ የሚሆን አንድ ጀሪካን ሳይነካ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ታጥቦ የሚያገለግል ጨርቅ የምትጠቀም ልጅ በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ እንድታሰጣው ይመከራል። አስቸጋሪው ክረምት ነው፤ የእንጦጦ ጉም ለቀናት ላይገለጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ ጨርቁን ነፋስ በሚያገኘው የቤት ውስጥ ገመድ ላይ ማድረቅ፣ ካውያ ካለም መተኮስ ይቻላል። በኀፍረት ከፍራሽ ሥር የተደበቀ እርጥብ ጨርቅ ግን ለማሳከክና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የወር አበባው ጊዜውን ሳይጠብቅ ቢመጣ ወይም ቢዘገይ የተለመደ ነው። ደሙ ከ7 ቀን በላይ ከቆየ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያርስ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከትምህርት የሚያስቀር ከሆነ ልጅቱ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። 15 ዓመት ሞልቷት ያላየች ልጅም እንዲሁ ልትመረመር ይገባል። ከልጇ ጋር መነጋገር የከበዳት እናት በወረዳዋ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ትችላለች።