በጉልበት ውስጥ ስለሚፈስ ደም፤ የአንድ ምርመራ ታሪክ

ሰው ጉልበቱ ተጠምዝዞ ሲጎዳ ሕመሙ በአማርኛ ወለምታ ይባላል፤ አጥንቱ ከቦታው ቢወጣ ውልቃት፣ ቢሰበር ስብራት ነው። ከሦስቱ ቃላት ወለምታ ቀላሉን ጉዳት የሚያመለክት ስለሚመስል፣ ከቃሉ በስተጀርባ ምን እንደ ተሰወረ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ፈረንሳዮችም ለዚሁ ነገር አንቶርስ የሚል አንድ ቃል አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ የሸፈነው ጉዳት በሐኪሞች ዘንድ እንዴት እንደ ተገለጠ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በሊዮን ከተማ የነበረው ቀዶ ሐኪም አሜዴ ቦኔ በ1845 ስለ መገጣጠሚያ በሽታዎች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም ውስጥ፣ አጥንቱ ሳይሰበር ጉልበቱ የተጎዳ ሰው የመበጠስ ድምፅ ከተሰማው፣ መገጣጠሚያው በደም ከተሞላና እግሩ አገልግሎቱን ካጣ፣ እነዚህ የጅማት ጉዳት ምልክቶች መሆናቸውን አስረዳ።

ከዚህ በኋላ በ1879 ፓሪስ ላይ ፖል ሴጎን በወለምታ ምክንያት በጉልበት ውስጥ ስለሚፈስ ደም ራሱን የቻለ ጥናት አወጣ። ሴጎን የአስከሬን ጉልበቶችን በኀይል እየጠመዘዘ፣ ከዚያም እየከፈተ መረመረ። በቅልጥም አጥንት ውጫዊ ጠርዝ ላይ እንደ ዕንቍ የሚያበራ ጠንካራ ጅማት ትንሽ የአጥንት ስባሪ ነቅሎ መውጣቱን አየ። ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ስለ ሆነ፣ ይህ ሁሉ የተደረሰበት በእጅና በቢላዋ ብቻ ነበር። ስብራቱ ዛሬ በሴጎን ስም ይጠራል፤ በራጅ በታየም ጊዜ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ለመበጠሱ ብርቱ ምልክት ነው።

የደሙ ምስጢር እንደሚከተለው ነው። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት በጉልበት መካከል የጭንን አጥንት ከቅልጥም ጋር ያያዘ ሲሆን፣ ሽፋኑ ብዙ ደም ሥሮች አሉት። ስለዚህ በተበጠሰ ጊዜ ደሙ ወደ መገጣጠሚያው ከረጢት ፈስሶ ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተወጥሮ ያብጣል። ከረጢቱ ተቈጥቶ የራሱን ፈሳሽ ሲያበዛ ግን እብጠቱ ቀስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይታያል። በተቀዳው ደም ላይ የስብ ጠብታ ቢንሳፈፍ ከመቅኒ የወጣ ነውና ስብራት መኖሩን ይጠቍማል። ሆኖም ከረጢቱ ራሱ ከተቀደደ ደሙ ወደ ውጭ ስለሚሰርግ፣ ከባዱ ጉዳት አነስተኛ እብጠት ሊያሳይ ይችላል።

ዕውቀቱ ወደ ሕክምና የተሻገረው በዝግታ ነው። በሊድስ ሜዮ ሮብሰን በ1895 የአንድ የማዕድን ሠራተኛን የተበጠሱ መስቀለኛ ጅማቶች ሰፋ። በቶኪዮ ኬንጂ ታካጊ በ1918 ለፊኛ ምርመራ በተሠራ መሣሪያ የአስከሬን ጉልበት ውስጡን ተመለከተ። ከዚሁ የተገኘው ጥበብ እያደገ ሄዶ በ1980 አሜሪካዊው ፍራንክ ኖይስና ባልደረቦቹ ሲመረመሩ እምብዛም ያልላሉ፣ ነገር ግን ደም የቋጠሩ 85 ጉልበቶችን ውስጣቸውን አዩ፤ በ61ዱም የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት በከፊል ወይም ፈጽሞ ተበጥሶ ተገኘ። ከውጭ ወለምታ የሚመስለው ነገር ከውስጥ ምን እንደ ነበረ ይህ ቍጥር ይመሰክራል።

ነገሩ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም። ሕመሙ ካለፈ በኋላ የላላ ጉልበት በየጊዜው እየከዳ ልም አጥንቱን ሊጎዳ፣ ሠርቶ አደሩንም ከሥራው ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ በአገራችን የወጌሻን ጥበብ የሚያጠና ተማሪ ጉልበቱ እንዴት እንደ ታሸ ብቻ ሳይሆን ከጉዳቱ በኋላ በስንት ሰዓት እንዳበጠ ጠይቆ ይጻፍ። ወጌሻው ሁለቱን እብጠቶች በየስማቸው የሚለይ ከሆነ፣ ቦኔና ሴጎን በቢላዋ የፈለጉትን እርሱ በዳሰሳ ደርሶበታል ማለት ነው፤ የማይለይ ከሆነም ወለምታ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ስንቱን የተበጠሰ ጅማት እንደ ሸፈነ መገመት አያዳግትም።