የሕዝብ ዕድገት መስመርና ቤተ ሰቦቹ

አንድ መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤት ለመሥራት፥ ውሃ ለመሳብ ወይም መንገድ ለመቀየስ ዕቅድ ሲያወጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የአገሩ ሕዝብ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ብዙ ሊቃውንትን አድክሟል። ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ፥ በየቈጠራው የተገኘውን ቍጥር በግራፍ ላይ በነጥብ አስቀምጦ፥ በነጥቦቹ ላይ ጠማማ መስመር ማሳለፍና መስመሩን ወደ መጪው ዘመን ማስረዘም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የዚሁ መስመር ታሪክ ነው፤ ይኸውም መስመሩ ብቻውን ሲሣልና ከነቤተ ሰቡ ሲሣል ለተመልካቹ የሚነግረው ነገር እጅግ የተለያየ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ዘመኑ፥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

በ1798 እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ማልቱስ ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሚገታው ነገር ካልተገኘ ሕዝብ ወለዱ በዋናው ላይ እየተደመረ እንደሚያድግ ብድር እየተባዛ እንደሚሄድ ገለጸ። እንዲህ ያለው ዕድገት በግራፍ ላይ ሲሣል መጨረሻ የሌለው ሽቅብ ነው። ምድር ግን መጨረሻ አላት። ይህን እንቅፋት በሒሳብ ለመግለጽ የተነሣው በብራስልስ በ1804 የተወለደው የቤልጅጉ የሒሳብ ሊቅ ፒየር ፍራንስዋ ቬርሁልስት ነው። ጉዳዩን እንዲመረምር የገፋፋው መምህሩ የነበረው የታወቀው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነበር። ቬርሁልስት በ1838 ባወጣው አጭር ጽሑፍ የአንድ ዓመት ጭማሪ በሁለት ነገር እንደሚወሰን አሰበ፤ አንደኛው ያለው ሕዝብ ብዛት ነው፤ ሁለተኛው አገሩ ሊይዝ ከሚችለው ጣራ ዘንድ ለመድረስ የቀረው ቦታ ነው። ሕዝቡ ጥቂት ሳለ መስመሩ እንደ ማልቱስ መስመር ይነሣል፤ ወደ ጣራው ሲቃረብ ግን እየደከመ ይሄዳል። መልኩ የአገራችንን አምባ ይመስላል፤ ከግርጌው ቀስ ያለ ዳገት ነው፥ ከወገቡ ገደል ይሆናል፥ ከራሱ ላይ ደግሞ ሜዳ ነው። ቬርሁልስት በ1845 ለዚህ መስመር ሎጂስቲክ የሚል ስም ሰጠው።

ይህን መስመር ለመሣል ሦስት ቍጥሮች ይበቃሉ፤ እነርሱም ጣራው፥ የዕድገቱ ፍጥነትና ሕዝቡ የጣራውን እኩሌታ የሚደርስበት ዓመት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ በተለወጠ ቍጥር ሌላ መስመር ይወለዳል፤ መልኩ ግን የዘር ነውና ያው አምባ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያሉትን መስመሮች በአንድነት የመስመር ቤተ ሰብ ይሏቸዋል። አንባቢ ይህን ቃል ልብ ብሎ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ቬርሁልስት ስለ አገሩ የተናገረው ትንቢት ገና ከመጀመሪያው ሁለት ነበር። በ1845 የቤልጅግ ሕዝብ ከ6.6 ሚሊዮን ሊያልፍ አይችልም የሚል ውጤት አገኘ። በ1847 ደግሞ የመሰናክሉን ጠባይ በሌላ መንገድ ቢያስበው ጣራው 9.4 ሚሊዮን ሆነ። በዚያው ጊዜ የአገሩ ሕዝብ ወደ 4.3 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የፊተኛው ጣራ በ1900 በተደረገው ቈጠራ ታለፈ፤ የኋለኛውም ከብዙ ዓመት በኋላ ታልፎ ዛሬ የቤልጅግ ሕዝብ ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው። ቬርሁልስት ይህን ሁሉ ሳያይ በ1849 በአርባ አራት ዓመቱ ሞተ፤ ሥራውም ሰባ ዓመት ያህል ተረስቶ ቀረ።

መስመሩን ከመቃብር ያስነሡት፥ የቬርሁልስትን ሥራ ሳያውቁ፥ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሬይመንድ ፐርልና ሎወል ሪድ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1920 የአገራቸውን ቈጠራ ይዘው ሦስት ነጥቦች መረጡ፤ የ1790ን 3.93 ሚሊዮን፥ የ1850ን 23.2 ሚሊዮንና የ1910ን 92 ሚሊዮን። በሦስቱ ላይ በትክክል የሚያልፈውን ሎጂስቲክ መስመር ቢያሰሉ ጣራው 197 ሚሊዮን ከሩብ ገደማ ሆኖ ተገኘ። መስመሩ ከተመረጡት ሦስት ነጥቦች ሌላ ባሉት ቈጠራዎች ላይም እጅግ ተጠግቶ ስለሚያልፍ ያየው ሁሉ ተደነቀ። ፐርል የፍራፍሬ ዝንቦችን በጠርሙስ ውስጥ አርብቶ የእነርሱም ቍጥር በዚሁ መስመር እንደሚሄድ አሳየ፤ መስመሩንም የሕይወት ሕግ ነው እስከ ማለት ደረሰ። የጠርሙስ ዝንብ ግን ጠርሙሷን ልታሰፋ አትችልም፤ ሕግ አውጥታም የስደተኛን በር አትዘጋም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። መስመሩ ለ1930 የሚሰጠው ቍጥር 122.4 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ቈጠራው 122.8 ሚሊዮን አገኘ። አሥር ዓመት አስቀድሞ የተነገረ ቍጥር ከግማሽ ሚሊዮን ባነሰ ስሕተት ሲገኝ ማን ይጠራጠራል? ለ1940 መስመሩ 136.3 ሚሊዮን አለ፤ የተገኘው 131.7 ብቻ ነው። በ1924 የስደተኞችን መግቢያ የሚያጠብብ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ከ1929 ጀምሮም የገንዘብ ችግር በአገሩ ላይ ወድቆ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ልደት በዛ፤ ስለዚህ በ1950 መስመሩ 148.7 ሲል ቈጠራው 151.3 አለ፤ በ1960 መስመሩ 159.2 ሲል ቈጠራው 179.3 አለ። በ1970 መስመሩ ገና በ168 ሚሊዮን ላይ ሳለ አገሩ 203.2 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። አዲስ የተጨመሩት የአላስካና የሐዋይ ሰዎች ቢቀነሱ እንኳ ጣራው ተጥሷል።

ነገሩ የሚያስገርመው ፐርል ይህን ዓይነት ትምህርት ያላየ ሰው ስላልነበረ ነው። በወጣትነቱ ወደ ለንደን ሄዶ ከካርል ፒርሰን ዘንድ ሠርቷል፤ ፒርሰን ደግሞ በ1895 ልዩ ልዩ የስታቲስቲክስ መስመሮችን በአንድ ቤተ ሰብ ሰብስቦ በየዓይነታቸው የመደበ ሊቅ ነው። በ1940ም ዊልያም ፌለር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ሎጂስቲክ መስመር በገጠመባቸው ቍጥሮች ላይ ሌሎች የመስመር ዓይነቶች እኩል ወይም በተሻለ ሁኔታ እንደሚገጥሙ በጽሑፍ አስረድቷል። እንግዲህ ዕውቀቱ አልጐደለም። የጐደለው፥ በእኛ አስተያየት፥ ዕውቀቱን በዓይን ማየት ነው። በዚያ ዘመን አንድን መስመር ለመሣል ለእያንዳንዱ ነጥብ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ መግለጥ፥ ማባዛትና ማካፈል፥ ውጤቱንም በግራፍ ወረቀት ላይ በእጅ ማስፈር ነበረበት። አንዱን መስመር በዚህ ድካም የጨረሰ ሰው፥ ሃያ ወንድሞቹን ደግሞ ልሣል ብሎ ለመነሣት ምን ያህል ትዕግሥት ያስፈልገው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። መጽሔቱም የሚያትመው ሥዕል አንድ ነበር፤ አንባቢውም ያንኑ አምኖ ይሄድ ነበር።

ይህን ድካም ያቀለለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው። በ1976 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ በሚገኘው በቤል ላቦራቶሪ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ ኤስ የተባለ የኮምፒዩተር ቋንቋ መሥራት ጀመሩ። ዓላማቸው ቍጥር መርማሪው ሰው ለእያንዳንዱ ሥዕል ረጅም ፕሮግራም ሳይጽፍ፥ አንድ አጭር ትእዛዝ ሰጥቶ ሥዕሉን ወዲያው እንዲያይ ነበር። ከዚህም ቋንቋ ሥር፥ በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፥ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን አር የተባለውን አወጡ፤ በ1993 ለሌሎች አስታወቁት፥ በ1995 ማንም ያለ ዋጋ እንዲወስደውና እንዲያሻሽለው ፈቀዱ፥ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙም በ2000 በየካቲት 29 ቀን ወጣ። በገንዘብ የማይሸጥ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ፐርል በዘመኑ ካደረገው የበለጠ ሊያደርግ ይችላልና።

አሠራሩ ይህ ነው። ሠራተኛው የሎጂስቲክን ቀመር አንድ ጊዜ ይጽፋል። ከዚያ የጣራዎችን ዝርዝር፥ ለምሳሌ 150፥ 197፥ 250፥ 300፥ 400 ብሎ ይሰጣል። ከርቭ የሚባለው ትእዛዝ አንዱን መስመር ይሥላል፤ በዚያው ሥዕል ላይ ጨምር ሲባል የቀሩትን በላዩ ላይ ይደርባል። ማትፕሎት የሚባለው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሥላል። መስመሮቹ በአንድ ግራፍና በአንድ ልኬት ላይ መዋላቸው ዋና ነገር ነው፤ በተለያየ ገጽ ላይ የተሣሉ ወንድማማቾችን ማነጻጸር አይቻልምና። ለልምምድም የሚሆን ቍጥር ከፕሮግራሙ ጋር ይመጣል፤ ዩኤስፖፕ በሚባል ስም የአሜሪካ ቈጠራ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ተቀምጧል። ዝርዝሩ የሚያበቃው በ1970 ማለት የፐርል ጣራ በተጣሰበት ቈጠራ ላይ ነው።

አሁን ከዚህ ቤተ ሰብ ሁለት ወንድማማቾችን እንውሰድ። ሁለቱም በ1790 ከ3.93 ሚሊዮን ይነሣሉ፤ ሁለቱም በ1910 በ92 ሚሊዮን ላይ ያልፋሉ። የታናሹ ጣራ 197፥ የታላቁ 300 ሚሊዮን ነው። በመካከሉ ባለው መቶ ሃያ ዓመት ውስጥ በአንድም ጊዜ ከ4 ሚሊዮን በላይ አይራራቁም። ከ1910 በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ በ1970 ታናሹ 168 ሲል ታላቁ 216 ሚሊዮን ይላል፤ በመካከላቸው 48 ሚሊዮን ሰው አለ። እውነተኛው ቈጠራ የተገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ታላቁም ቢሆን ድል አድራጊ አይደለም፤ የ2020 ቈጠራ 331.4 ሚሊዮን ሆኖ የእርሱንም ጣራ አልፎታል።

ለፐርል ፍትሕ ለመስጠት ያህል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። ያለፉትን ቈጠራዎች በመግጠም ረገድ ታናሹ መስመር ከታላቁ በእርግጥ ይሻላል፤ በ1880 ቈጠራው 50.2 ሚሊዮን ሲል ታናሹ ያንኑ ይላል፥ ታላቁ ግን 46.6 ብቻ ነው። ስለዚህ ፐርል መስመሩን በዘፈቀደ አልመረጠም፤ ከቤተ ሰቡ መካከል ላለፈው ዘመን የሚስማማውን መርጧል። ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው። ላለፈው ዘመን በሦስትና በአራት ሚሊዮን የሚበልጥ መስመር ለመጪው ዘመን በሠላሳ አምስት ሚሊዮን ሊሳሳት እንደሚችል የሚታየው ወንድሞቹ አብረው ሲሣሉ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሕዝብ ጉዳይ ክፍል ይህን መንገድ ተቀብሎ፥ በ2015 ባወጣው ትንበያ፥ ለየአገሩ ከመካከለኛው መስመር ጋር ግራና ቀኙን የሚያሳይ የዕድል ወሰን አትሟል። ለዚህ ሥራ የተጻፉት ፕሮግራሞች በአር ቋንቋ ሲሆኑ፥ ለእያንዳንዱ አገር ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ መስመሮችን ያሰላሉ። ሥራው ጣራ ፍለጋ አይደለም፤ ልደትንና ሞትን ለየብቻ ይመረምራል። ቢሆንም የሚታተመውን ዕቅድ የሚያነብብ ባለሥልጣን ብዙ ጊዜ የሚወስደው የመካከለኛውን ቍጥር ብቻ ነው፤ የቀረው በገጹ ላይ እንዳለ ይቀራል።

የእኛ አገር ነጥቦች ሦስት ናቸው፤ ፐርል የመረጣቸውን ያህል ማለት ነው። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ጠቅላላ ቈጠራ 42.6 ሚሊዮን ተገኘ፤ በጦርነት ምክንያት ቈጣሪ ያልደረሰባቸው ቦታዎች በግምት ተሞልተዋል። በ1987 ዓ.ም. 53.5፥ በ1999 ዓ.ም. 73.8 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። የፊተኛው ቍጥር ኤርትራን ይጨምራል፥ የኋለኞቹ አይጨምሩም። ይህን ሳያስተውል ሦስቱን ቍጥሮች እንዳሉ ለፕሮግራሙ የሰጠ ሰው፥ ዕድገቱ እየፈጠነ የሄደ ስለሚመስል፥ ሎጂስቲክ መስመሩን ምንም ጣራ አያገኝለትም። ኤርትራ ተቀንሳ የፊተኛው ቍጥር 39.9 ሚሊዮን ሲሆን ግን ያው ቀመር ወደ 225 ሚሊዮን የሚጠጋ ጣራ ይሰጣል። በሁለት ሚሊዮን ከሰባት መቶ ሺህ ሰው ልዩነት ገደብ የሌለው ዳገት ወደ አምባ ተለወጠ። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም በእኩል ፍጥነትና በእኩል ጥራት ይሥላል። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ የነበረው አራተኛው ቈጠራ ስለ ተላለፈ፥ ከ1999 ዓ.ም. ቀጥሎ ባሉት ዓመታት በየዕቅዱ ውስጥ ሲሣል የምናየው የመስመሩ ክፍል በግምት የተሣለ ነው።