ጆሮ ጠቢነት ሸቀጥ ሲሆን፦ ከአወሊያ እስከ እስቴ

ቢስሚላህ።

ውድ ወንድምና እህቶች! ለሹም ወሬ የሚያቀብል ጆሮ ጠቢ በአባቶቻችንም ዘመን አይጠፋም ነበር። የእኛ ዘመን ልዩነት ጆሮው ከውጭ አገር ኩባንያ በዶላር መገዛቱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» የሰላማዊ ጥያቄ እንቅስቃሴ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ግን የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ፣ በዚሁ አዋጅም ተከሰሱ። ጥር 2005 ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት እያለ «ጂሃዳዊ ሐረካት» በኢቲቪ ተላለፈ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም፣ ፊንፊሸር የተሰኘው የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮጵያ ውስጥ እንደሚሠራ አጋለጠ። ሰኔ 2007 መጨረሻ ላይ ደግሞ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የውስጥ ሰነዶች አፈትልከው ወጡ። ኢንሳ ለኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ የታወቀው ያኔ ነው። ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 27፣ 18 ተከሳሾች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በ2010 የእስራኤሉ ሳይበርቢት ስም ተጨመረ።

ልብ እንበል! በእነዚህ ምርመራዎች የተለዩት ዒላማዎች በብዛት በስደት ያሉ ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ነበሩ። ሻጮቹ ግን ዕቃቸውን ያስተዋውቁ የነበሩት «ወንጀልንና ሽብርን ለመከላከል» እያሉ ነበር። ማን አሸባሪ እንደሆነ የሚወስነው ገዢው ነው፤ ኩባንያው ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። «አሸባሪ» የሚባል ሰው እስካልጠፋ ድረስም ገበያው አይቀዘቅዝም።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንምጣ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ ነው፤ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ገበያውንና ሐዘኑን ተካፍሎ ይኖራል። በጥር 2011 መጨረሻ ከአንድ ሠርግ ጋር ተያይዞ በተነዛ ወሬ በእስቴ መስጂዶች ተቃጠሉ። ታኅሣሥ 2012 በሞጣም ተደገመ። ባሕር ማዶ ያለን ጋዜጠኛ ኮምፒውተር የሚበረብር መሣሪያ የገዛ መንግሥት፣ በአደባባይ የሚዞርን ወሬ ቀድሞ አላስቆመም። መረጃው ጠፍቶ ሳይሆን፣ ጆሮው የተዘጋጀው ሥልጣንን ለመጠበቅ ስለነበር ነው።

አዋጅ 652 በ2012 በአዲስ ተተክቷል። ጥያቄው ግን አልተተካም፦ ደህንነት የሚባለው የማን ደህንነት ነው?

ሱረቱል ሑጁራት ሁለቱንም በሽታ በአንድነት ይነግረናል፤ 6ኛው አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ ያዛል፣ 12ኛው መሰለልን ይከለክላል። ስለዚህ ወጣቶች፣ ያልተጣራ ወሬ አናጋራ፤ ከማናውቀው ሰው የመጣን ፋይል አንክፈት፤ በአካባቢያችን የሚደርሰውን ደግሞ በቀንና በቦታ መዝግበን እንያዝ። ያልተመዘገበ በደል ሌሎች እንደፈለጉ ይተርኩታል።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።