ሰኞ ማታ በ13ኛው ጎዳና

ተከታታይ ድራማ የመጻፍ ችሎታ ቢኖረኝ ኖሮ ታሪኬን የማስጀምረው ከአንድ አሮጌ ሕንጻ ነበር። አድራሻው ኒውዮርክ ከተማ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ የሚባለው ሰፈር፣ ምዕራብ 13ኛ ጎዳና፣ ቁጥር 208 ነው። ሕንጻው በ1844 ዓ.ም. ለትምህርት ቤትነት ተሠራ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በኋለኛው ዘመን የምግብ ዝግጅትና የመርከብ ሥራ ሙያ ሲያስተምሩበት ኖረዋል። በ1983 የከተማዋ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር አቋቁመው ሕንጻውን ከከተማው አስተዳደር በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማሙ። የማኅበሩ ሙሉ ስም ረጅም ነው፤ ሰዉ ግን “ማዕከሉ” ብሎ ነው የሚጠራው።

አንባቢዬ “ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?” ይሉ ይሆናል። ጉዳዩ በአገራችን በሕግ የሚያስቀጣ፣ በየቤተ እምነቱም የሚወገዝ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ። የዚህ ቤት ታሪክ መጨረሻው አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል።

መጀመሪያ ነገር፣ እነዚህ ሰዎች ቤት ለምን አስፈለጋቸው? እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በኒውዮርክ እነሱን የሚያስተናግድ መጠጥ ቤት ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችል ነበር። ስለዚህ መገናኛቸው በአብዛኛው ማፊያ የያዛቸው፣ ፖሊስም በየጊዜው የሚወርራቸው ቡና ቤቶች ነበሩ። በሰኔ 1969 ስቶንዎል በተባለው ቡና ቤት ፖሊስ እንደለመደው ሲገባ ደንበኞቹ “ዛሬስ በቃ!” ብለው ለተከታታይ ሌሊቶች መንገድ ላይ ተጋፈጡት። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አይወራም። ቡና ቤት ለታመመ ሰው አልጋ የለውም። አባቱ ከቤት ያባረረውን የ16 ዓመት ልጅም አያሳድርም። በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ዊልሻየር ጎዳና ላይ፣ ጥቂት ሰዎች አንድ አሮጌ ቤት ይዘው ሕክምና፣ ምክርና ማደሪያ መስጠት ጀመሩ። የመንግሥት የግብር መሥሪያ ቤት የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆናቸውን የተቀበለው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1974 ነው።

እኛ እድር ያለን ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ ሊገባን ይገባል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ጥሩምባ ነፊው ባይኖር ኖሮ ለቅሶአችን ምን ይመስል ነበር? እነዚያ ሰዎች ቤተሰብ የካዳቸው ብዙዎች ነበሩ። ዘመድ የሌለው ሰው ሲታመም ማን ይጠይቀዋል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል?

ጥያቄው በቃል ብቻ የቀረ አልነበረም። ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም አምስት የሎስ አንጀለስ ወጣቶች ባልተለመደ የሳንባ ምች መያዛቸውን በአጭር ሪፖርት አወጣ። በኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ ይኸው ነበር። ማዕከሉ በሩን ሲከፍት ሰፈሩ ወጣቶቹን እየቀበረ ነበር። ከማዕከሉ ትንሽ የእግር መንገድ ላይ የነበረው ቅዱስ ቪንሰንት ሆስፒታል በ1984 የኤድስ ሕሙማን ክፍል ከፈተ። አስከሬን አንቀበልም ያሉ የቀብር ድርጅቶች ነበሩ። ልጃቸው ሲያጣጥር ያልመጡ ወላጆችም ነበሩ።

መጋቢት 10 ቀን 1987 ማታ ደራሲው ላሪ ክሬመር በማዕከሉ ንግግር አደረገ። ተናጋሪ የነበረችው ሌላዋ ደራሲ ኖራ ኤፍሮን ነበረች፤ ሳይመቻት ሲቀር ነው እሱ የተተካው። ከተሰብሳቢው ብዙውን አስነሥቶ ካቆመ በኋላ፣ እናንተ በአምስት ዓመት ውስጥ ትሞታላችሁ፣ ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው? የሚል መርዶ አረዳቸው። በዚያው ሳምንት “አክት አፕ” የተባለው ማኅበር ተወለደ። ሰኞ ማታ በመጣ ቁጥር የማዕከሉ አዳራሽ ሰው አልበቃው አለ። የመጣ ሁሉ ይናገራል፣ ድምፅም ይሰጣል። ኋላ ላይ ሕዝቡ ስለበዛ ሰፋ ወዳለ አዳራሽ ተዛወሩ።

እኔን የሚገርመኝ ጩኸታቸው ሳይሆን ጥናታቸው ነው። ተዋናይ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የቤት እመቤት፣ ሥራ ፈት ሳይቀር ስለ መድኃኒት ሙከራ ተቀምጦ ተማረ። ኤዜቲ የተባለው የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት በዚያው በመጋቢት 1987 ሲፈቀድ ዋጋው በዓመት 10,000 ዶላር ገደማ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1988 ከ1,000 በላይ ሆነው የመድኃኒት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ከበቡት። ጥያቄያቸው “ተዉን” የሚል አልነበረም። ሙከራው እንዲህ ቢሆን፣ ፈቃዱ በዚህ መንገድ ቢፋጠን የሚል የተጻፈ ሐሳብ ይዘው ነው የሄዱት። መሥሪያ ቤቱ በ1992 ለከባድ በሽታዎች የሚሆን የተፋጠነ ፈቃድ ደንብ አወጣ። በመስከረም 1989 ደግሞ ሰባት ሰዎች የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ውስጥ ገብተው ራሳቸውን በሰንሰለት አሰሩ። በቀናት ውስጥ አምራቹ ኩባንያ ዋጋውን 20 በመቶ ቀነሰ።

በዚያው ዓመት ሠዓሊው ኪት ሄሪንግ በማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ የሚገኘውን የመጸዳጃ ክፍል ግድግዳ በጥቁር ቀለም ሥሎ ሞላው። በየካቲት 1990 በኤድስ ሞተ። ዕድሜው 31 ነበር። ሥዕሉ ዛሬም አለ፤ ክፍሉ ግን መጸዳጃነቱ ቀርቷል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በ1996 ቫንኩቨር ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ መድኃኒቶቹን አጣምሮ መውሰድ ሞትን እንደሚገታ ተነገረ። ዋጋው ግን በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ከአክት አፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤሪክ ሶየር እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ የድሃ አገር ሕሙማንስ? ሲል ጠየቀ። በ1999 ጓደኞቹ የአል ጎርን የምርጫ ዘመቻ እየተከተሉ በደቡብ አፍሪካ ላይ የሚደረገውን የፓተንት ጫና ተቃወሙ። በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ ያንኑ ሕክምና በዓመት በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ይህ ሁሉ የአንድ ማኅበር ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካ ሕሙማን፣ ብራዚልና የህንድ ፋብሪካዎች ድርሻ ትልቅ ነው። ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው፤ ከድሩ አንዱ ክር የተፈተለው በ13ኛው ጎዳና ነበር።

ያንን ዘመን እኛም አንረሳውም። የታመመ ሰው ሳህኑና ብርጭቆው የሚለይበት፣ አከራይ “ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ” ብሎ የሚያስወጣበት፣ ለቅሶ ላይ የሟች በሽታ ስሙ የማይጠራበት ጊዜ ነበር። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት መሥርተው በአደባባይ “እኔ ነኝ” ሲሉ እነሱም በመጀመሪያ የፈለጉት ተሰብስበው የሚያወሩበት አንድ ክፍል ነው። በ2005 መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከአልጋ የተነሣው ሰው ስንት ነው! ዛሬ ከራት በኋላ ኪኒኑን ውጦ ልጆቹን የቤት ሥራ የሚያሠራ አባት በየሰፈራችን አለ።

ያ አባት ስለ እነዚያ ሰዎች የፈለገውን ሊያስብ ይችላል። እኔ ግን ውለታ የዋለውን ሰው ስም ማወቅ ከጨዋነት የሚቆጠር ይመስለኛል። ቢጠሉትም ቢወዱትም ታሪኩ እንዲህ ነው። ቤተሰብ የዘጋባቸው ሰዎች የተዘጋ ትምህርት ቤት ገዙ፣ ወንበር ደረደሩ፣ ሰኞ ማታ እየመጡ ተከራከሩ። ከእነዚያ ተከራካሪዎች ብዙዎቹ 1996ን አላዩም።