የአባቴ ሲኮ በላስ ቬጋስ ውኃ

የላስ ቬጋስ ካሲኖዎች ግድግዳ ላይ ሰዓት አይሰቀልም። ቁማርተኛው መንጋቱን እንዳያውቅ ነው ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ቁማርተኛ የምናመላልስ ታክሲ ነጂዎች ግን፣ የአገራችን ልጆችም እዚህ ሥራ ላይ ጥቂት አይደለንም፣ ሰዓት ሳናይ አንውልም። ለዚያውም ሁለት ሰዓት። በሙቀቱ ወራት እዚህ ጧት በፈረንጅ 8፡00 ሲል አዲስ አበባ ምሽት 12 ሰዓት ነው።

የአገር ቤቱን የማነበው ከአባቴ ሲኮ ፋይቭ ነው። በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ነው። ስሰደድ ከእጁ ፈትቶ ሲሰጠኝ "ይኼ ውኃ አያስገባም፤ ሳታወልቅ ዋኝበት" አለኝ። ጎንደር ያደገ ሰው ነው። በጥምቀት፣ የፋሲል መዋኛ ውኃ ተባርኮ ጎረምሳው ልብሱን እየጣለ ሲዘል፣ እሱ ሰዓቱን እንዳሰረ ይዘል እንደነበር ስንቴ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከአፓርትመንታችን መዋኛ ውስጥ ሆኖ "የአያቴ ሰዓት መዋኘት ይችላል?" አለኝ። ይችላል ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ውኃና የእጅ ሰዓት የተገናኙበት ታሪክ ከመነሻው ትንሽ ማስታወቂያ ይሸተዋል። ሮሌክስ ኦይስተር የተባለውን ድፍን ቀፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነበር። በዓመቱ ሜርሴዲስ ግላይትዝ የምትባል የለንደን ታይፒስት የእንግሊዝን ቦይ ዋኝታ ተሻገረች። ሌላ ሴት በሐሰት "ተሻገርኩ" ብላ ስለነበር ግን የግላይትዝም ቃል ተጠረጠረ። ስለዚህ በዚያው ኦክቶበር ደግማ ገባች፤ የሮሌክሱ ባለቤት ሃንስ ቪልስዶርፍም ሰዓቱን ላከላት። በሁለተኛው ዋና ውኃው እጅግ ቀዝቅዞ ስለነበር ከአሥር ሰዓት በላይ ታግላ ሳትሻገር ወጣች። ሰዓቱም የታሰረው አንገቷ ላይ እንጂ እጇ ላይ አልነበረም። ቢሆንም ሳይቆም ስለወጣ፣ በኖቬምበር የዴይሊ ሜይል የፊት ገጽ በማስታወቂያው ተሞላ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ባልተሳካው ዋና ምክንያት ነው።

ሲኮ ፋይቭ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። "አምስት" የተባለው አምስት ነገር ስለተገባበት ነው፦ ራሱን ይሞላል፣ ቀንና ዕለት በአንድ መስኮት ያሳያል፣ መሙያው አራት ቁጥር አጠገብ ተሸጉጧል፣ ቀፎውና ማሰሪያው ጠንካራ ነው፣ ውኃም ይከላከላል። ይህ የመጨረሻው ቃል ነው የልጄን ጥያቄ ያከበደብኝ። በ1960ዎቹ የተሠሩት ጀርባቸው ላይ "ዋተርፕሩፍ" ይላሉ፤ ውኃ ፈጽሞ አያስገባም ማለት ነው። ከ1970 አካባቢ ወዲህ የተሠሩት "ዋተር ሬዚስታንት" ይላሉ፤ ይቋቋማል ማለት ብቻ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም ፈጽሞ ውኃ የማያስገባ ሰዓት የለምና የመጀመሪያው ቃል ገዢን ያሳስታል ብሎ ነበር። የአባቴ ሰዓት ጀርባ "ዋተርፕሩፍ" ይላል። አባቴ አልዋሸኝም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበልኝ።

ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። የጀርባ ክዳኑን ሲፈታ ውኃ የሚያግደው ቀጭን ላስቲክ እንደ ድርቆሽ ተሰባበረ። መከላከያው ይኸው ላስቲክ ነው፤ በክዳኑ ዙሪያና በመሙያው ሥር ተቀምጦ ይጨመቃል። ላስቲክ ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በዚህች ከተማ በጁላይ 2024 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል፤ እኔ ደግሞ ሰዓቱን ስንት ዓመት የታክሲው ኪስ ውስጥ ትቼው ስሠራ ኖሬአለሁ። ከሁሉ የከፋው ጃኩዚ ነው አለኝ ሰውዬው። በሙቅ ውኃ ብረቱም ላስቲኩም በየራሱ መጠን ይሰፋል፤ ወጥተህ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና እርጥበት ይስባል። መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ካበጀ ነገሩ አልቋል።

ላስቲኩን ቀይሮ በአየር ግፊት ፈተሸው። ውኃ ውስጥ ነክሮ መፈተሽ አያስፈልግም፤ ቀፎው የሚያፈስ ከሆነ በአየሩ ይታወቃል። አለፈ። "እጅህን ታጠብበት፣ ዝናብም ቢመታው ግድ የለም፤ መዋኛ ግን አታስገባው" አለኝ። መሙያው ተጠምዝዞ የሚዘጋ አይደለም፤ ቀፎውም ዕድሜው ከእኔ አያንስም። ለመጥለቅ የተሠራ ሰዓት ሌላ ነው፤ ዛሬ ያለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቢያንስ 100 ሜትር እንዲችል ያስገድዳል።

አሁን ልጄ ሲዋኝ ሰዓቱን ጫማዬ ውስጥ አስቀምጬ እገባለሁ።

አባቴ እሑድ እሑድ ይደውላል። ባለፈው "ሰዓቱ እንዴት ነው? ትዋኝበታለህ?" አለኝ።

"አዎ አባዬ፣ ደህና ነው" አልኩት።